የሰንደቅ ዓላማ ብርድ ልብስ በኪሮሽ፦ የቱን ክር፣ የቱን አሠራር እንምረጥ?

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ከሩቅ ሲያዩት ከዚህ የቀለለ የኪሮሽ ሥራ ያለ አይመስልም። ሦስት ሰፋፊ መስመር ነው፤ ምን ይከብዳል?

የሚከብደው ከመጀመሩ በፊት ያለው ምርጫ ነው። ጅማ ላይ ለዓድዋ በዓል፣ ለሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ ከዩኒቨርሲቲ ለሚመረቅ ልጅ ወይም ውጭ አገር ላለ ዘመድ ስጦታ ብሎ የሚጀምረው ሰው ብዙ ነው። ግማሹ ግን አረንጓዴውን ጨርሶ ቢጫው ላይ ያቆማል። ክሩ አልበቃም፣ ጠርዙ ተጣመመ፣ ወይም ታጥቦ ቀዩ ቢጫው ላይ ለቀቀ። እነዚህ ሁሉ የሞያ ጉድለት አይደሉም። ክርና አሠራር ሲመረጥ ያልተጠየቁ ጥያቄዎች ናቸው።

የክር ማርካ እዚህ አላነሳም። ሱቁ ውስጥ ያለው ማርካ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ መለኪያው ግን ያው ነው።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

አንደኛው፣ ለምን ይሆናል የሚለው ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ሶፋ ላይ የሚጣል፣ ሌሊት የሚለበስ፣ እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሚሰቀለው እንዳይለጠጥ ጥብቅ መሆን አለበት። የሚለበሰው ደግሞ ለስላሳና የሚታጠፍ ካልሆነ እንደ ሰሌን ደርቆ ይቀራል።

ሁለተኛው እጥበትና ማድረቅ ነው። ጅማ ላይ ይህን የዘለለ ሰው ይጸጸታል። ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናቡ ፋታ አይሰጥም። ወፍራም ጥጥ ታጥቦ በዚያ ሰሞን ገመድ ላይ ከዋለ፣ ከመድረቁ በፊት ይሸታል።

ሦስተኛው የቀለሞቹ መገናኛ ነው። ሰንደቅ ዓላማ የሚያሰኘው ቀጥ ያለ አግድም መስመርና እኩል ስፋት ነው። አበባ ያለበት አልጋ ልብስ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢዛባ ማንም አያይም። እዚህ ላይ ግን ከበር የገባ እንግዳ ሁሉ ያየዋል።

አራተኛው የእጃችሁ ልምድ፣ አምስተኛው ኪሳችሁ ነው። ስለ ኪስ ዝቅ ብዬ በሒሳብ እመጣበታለሁ።

ልኩን አስቀድሞ መቁረጥ

ሕገ መንግሥቱ ከላይ አረንጓዴ፣ ከመካከል ቢጫ፣ ከታች ቀይ፣ ሦስቱም እኩል አግድም፣ ከመሐል ደግሞ አርማ ይላል። የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ዝርዝሩን ይደነግጋል፤ ቁመቱ የርዝመቱ ግማሽ ነው። ስለዚህ 90 በ180 ሳንቲ ሜትር ከሠራችሁ እያንዳንዱ ቀለም 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል። ለትከሻም ለሶፋም የሚሆን ልክ ነው። ለአንድ ሰው አልጋ 120 በ240 ይበቃል፤ ቀለሙ 40፣ 40 ይሆናል። ከዚህ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ በ90 በ180 የተሠሩ ናቸው።

አርማውን በተመለከተ የኔ አቋም ይህ ነው። አደባባይ የሚወጣ ወይም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ አርማው ይኑርበት፤ የሰንደቅ ዓላማው አካል ነውና። ሌሊት እግር ላይ የሚጣል፣ ሕፃን የሚጠቀለልበት ከሆነ ግን ባለ ሦስት ቀለም ብርድ ልብስ ብላችሁ ሥሩት እንጂ ሰንደቅ ዓላማ ነው አትበሉት። ለነገሩ ትልቅ ሰማያዊ ክብ የተሰፋበት ልብስ ለብሶ መተኛት ምቾትም የለውም።

የኦሮሚያን ሰንደቅ ዓላማ መሥራት ለምትፈልጉም አሠራሩ አይለወጥም፤ ቀለሞቹ ብቻ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ይሆናሉ። መሐሉ ላይ ያለው ኦዳ ግን በኪሮሽ ከሚሠራ በጥልፍ ቢሠራ ያምራል።

ክር፦ አክሪሊክ፣ ጥጥ ወይስ የበግ ፀጉር?

ሱቅ ውስጥ "የሱፍ ክር" ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው አክሪሊክ ነው፤ ከበግ ጋር ዝምድና የለውም። ይህ ስድብ አይደለም። ለዚህ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚሻለውም እሱ ነው። ቀላል ነው፣ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ብል አይበላውም። ቀዩም እንደ ጥጡ አይለቅም። ጉድለቱ እሳት አለመቻሉ ነው። ትኩስ ካውያ ሲያርፍበት ይሟሽሽና ዳግም አይነሳም። ቡና በሚፈላበት ከሰል አጠገብ ካስቀመጣችሁት ደግሞ አንዲት ፍንጣሪ ቀዳዳ ታወጣበታለች። ጅማ ላይ ቡና ሳይፈላ የሚውል ቤት ስለማይገኝ፣ የሚሰቀልበትን ግድግዳ ከረከቦቱ ራቅ አድርጉት።

ጥጥ ለዓይን ይሞላል። ዓይኖቹ፣ ማለትም ኪሮሹ የሚያወጣቸው ቀለበቶች፣ ጥርት ብለው ይታያሉ፣ ገላ ላይም ይመቻል። ነገር ግን ይከብዳል። ውሃ ሲጠጣ ደግሞ የባሰ ይከብዳል፤ ገመድ ላይ ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይለጠጣል። 30 ሳንቲ ሜትር ብላችሁ የሠራችሁት ቢጫ 33 ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጥጥ ከመረጣችሁ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ የምታጥቡትም በጋውን ይሁን። የቤት ፈትልስ ካላችሁ፣ ቀጭን ነው፤ ሁለት ሦስት እጥፍ ካልተደረገ ለብርድ ልብስ አይሆንም። ነጭ ስለሆነም ማቅለም አለ። ጣጣው አያልቅም።

የበግ ፀጉር ክር ሙቀቱ ወደር የለውም። ግን ይኮሰኩሳል፣ በሙቅ ውሃ ከታጠበ ይጨማደዳል፣ ብልም ይወደዋል። ሦስቱን ቀለማት በአንድ ዓይነት ውፍረት ማግኘትም ከባድ ነው። ካገኛችሁ እሰየው፤ እሱን ፍለጋ ግን አትድከሙ።

ከየትኛውም ክር ጋር ሁለት ነገር አትርሱ። የመጀመሪያው የቀለም ፈተና ነው። ከቀዩ ክር አንድ ክንድ ያህል ቆርጣችሁ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ንከሩት። ከዚያ ነጭ ጨርቅ መሐል አድርጋችሁ ጨምቁት። ጨርቁ ሮዝ ከሆነ ያ ክር ከቢጫ አጠገብ አይቀመጥም፤ አለቀ። ሁለተኛው፣ የአንድ ቀለም ክር በሙሉ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ ይገዛ። መጠቅለያው ወረቀት ላይ የማቅለሚያ ዙር ቁጥር አለ፤ ሎት ይሉታል። ቁጥሩ ከተለያየ አረንጓዴው በአረንጓዴ ላይ መስመር ያወጣል። ሱቅ ውስጥ አምፖል ሥር አንድ መስሎ የታየው ቤት ስትደርሱ ይለያል፤ እንክብሎቹን ደጅ አውጥታችሁ ጎን ለጎን እዩአቸው።

ስንት ክር ይበላል?

ሰው ገምቶ ይገዛና ጎሎት ይመለሳል። ያኔ ሱቁ ሌላ ሎት አምጥቷል። ሚዛን የማያስፈልገው መንገድ ይኸውላችሁ። አንድ ባለ 50 ግራም ክር ብቻ ገዝታችሁ፣ በመረጣችሁት ኪሮሽና በመረጣችሁት አሠራር ጨርሱት። የወጣውን ቁራጭ ለኩ። 20 በ40 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል፤ 800 ካሬ ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ብርድ ልብሱ 90 ሲባዛ በ180፣ 16,200 ነው። ለ800 ስታካፍሉት ከ20 ትንሽ ያልፋል። 21 ያዙት፤ ለእያንዳንዱ ቀለም 7። ለጠርዝና ለመጠባበቂያ ለእያንዳንዱ አንድ ጨምሩ፤ 8፣ 8፣ 8። ለአርማው ሰማያዊ 2። ጠቅላላ 26 ሆነ። ይህን በዕለቱ ዋጋ አባዙት፤ ኪሳችሁ መልስ ይሰጣችኋል።

የእናንተ ቁራጭ ከ800 ካነሰ እጃችሁ ጠበቅ ያለ ነው፤ ክር ይበዛል። ከበለጠ ላላ ያለ ነው። ያ የሙከራ ቁራጭም አይጣልም፤ ተፈትቶ ወደ ሥራው ይገባል።

ኪሮሹን በተመለከተ፣ ብዙ ቤት ያለው የዳንቴል ኪሮሽ ነው። እሱ ለዚህ ክር አይሆንም፤ እጅ ያሳምማል፣ ሥራውም እንደ ካርቶን ይደርቃል። መካከለኛ ውፍረት ላለው አክሪሊክ 5 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ያዙ። ለጥጥ 4 ይበቃል። ወፍራም ክር ካላችሁና 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ሱቅ ካጣችሁ፣ የጅማ አናጢ ምን ሠርቶ ያውቃል ብላችሁ ነው! ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ እጅ ለአንዲት የእንጨት ኪሮሽ አያንስም። ናሙና አሳዩት፣ ጫፏን በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ያለስልሳት፤ ክር የምትቧጥጥ ከሆነ ዋጋ የላትም።

አሠራሮቹ

*በረጅሙ ረድፍ።* ከታች ከቀዩ ትጀምራላችሁ፤ 180 ሳንቲ ሜትር ሰንሰለት ሠርታችሁ ረድፍ በረድፍ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ቀይ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ቢጫ 30፣ አረንጓዴ 30። በ5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ በአጭሩ ዓይን (ኪሮሹ ላይ ክር አስቀድሞ ሳይጠመጠም በሚሠራው) ከሠራችሁ፣ በ10 ሳንቲ ሜትር 14 ዓይን ያህል ስለሚገባ መነሻው 252 ዓይን አካባቢ ይሆናል። ቁጥሩ ያስፈራል። ግን ቀለም የሚቀየረው ሁለቴ ብቻ ነው! የሚሸሸግ ክር ትንሽ፣ መስመሩም እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። 252 በዛብኝ ብሎ ከአጭሩ በኩል፣ በ90 ሳንቲ ሜትር ይጀምራል። ያኔ እያንዳንዱ ረድፍ ሦስቱንም ቀለም ያቋርጣል። በየረድፉ ሁለቴ ቀለም መቀየር፣ ሦስት ልቃቂት እየተጠላለፈ መፍታት፣ ጀርባውን ደግሞ የሸረሪት ድር ማስመሰል። እባካችሁ ከረጅሙ ጀምሩ።

የረጅሙ ችግር ሁለት ነው። መነሻ ሰንሰለቱ ከጠበቀ ታችኛው ጠርዝ ይሰበሰብና ብርድ ልብሱ እንደ ቀሚስ ይከፈታል። መፍትሔው ሰንሰለቱን ብቻ አንድ ቁጥር ከፍ ባለ ኪሮሽ መሥራት ነው። ሁለተኛው ችግር፣ ጫፍ ላይ ዓይን መርሳት ነው። በየረድፉ አንድ ዓይን ቢጠፋ ከአንድ ክንድ በላይ ሳይሠራ ጎኑ ሰያፍ ይሆናል። በየረድፉ 252 መቁጠር አያስፈልግም። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዓይን ላይ ሌላ ቀለም ክር ቁራጭ እሰሩ፤ ረድፉ ሲያልቅ ምልክቱ ላይ ደረሳችሁ ወይስ አልደረሳችሁም፣ በአንድ እይታ ይታያል።

ቀለም ስትቀይሩ ደግሞ፣ የረድፉን የመጨረሻ ዓይን በድሮው ቀለም ጀምሩትና የመጨረሻዋን ጉተታ በአዲሱ ቀለም ጎትቱ። ዓይኑን ጨርሳችሁ ከቀየራችሁ ቀዩ ወደ ቢጫው አንድ ጥርስ ገብቶ ይቀራል።

*ሦስት ቁራጭ ሠርቶ መስፋት።* እያንዳንዱን ቀለም 30 በ180 ለየብቻ ሠርቶ በመጨረሻ ማጋጠም ነው። ቁራጩ ቀላል ስለሆነ ታክሲ ውስጥም፣ ቡና ላይም ይሠራል። ለሦስት እህትማማቾች ወይም ለጎረቤታሞች ደግሞ ይመቻል፤ አንዷ አረንጓዴውን፣ አንዷ ቢጫውን፣ አንዷ ቀዩን ይዛ ትገባለች። ነገር ግን የሦስት ሰው እጅ አንድ አይደለም። የአንዷ 180፣ የሌላዋ 172 ይመጣል። ስለዚህ በዓይን ቁጥር ብቻ ሳይሆን በሜትር ተስማሙ፣ በየሳምንቱም ደርቡና አስተያዩ። ስፌቱ ከፊት በኩል ትንሽ ጉብታ አለው፤ የሚያስጠላ አይደለም፣ ግን ይታያል።

*ካሬ በካሬ።* 15 በ15 የሆኑ 72 ካሬዎች፤ ለአንድ ቀለም 24። ለጀማሪ እጅ ያፈታታል፣ ከሌላ ሥራ የተረፈ ክርም ይጨርሳል። ብቻ 72 ካሬ ማለት ቢያንስ 144 የክር ጫፍ በመርፌ መሸሸግ ነው፤ ከዚያ ማጋጠም። ቀዳዳ ስላለው ብርድ ያስገባል፣ አርማም አይቀመጥበትም። ለሶፋ ጌጥ ካልሆነ አልመክረውም።

*ከጥግ ወደ ጥግ።* በሰያፍ በትንንሽ ካሬዎች የሚያድግ ነው፤ ሥዕል ለመሥራት ይወደዳል። ለዚህ ሥራ ግን ሰያፉ ረድፍ ሁሉንም ቀለማት ስለሚያቋርጥ ያው የአጭሩ ረድፍ ጣጣ ይመጣል፤ የቀለም መገናኛውም በቅርበት ሲታይ ጥርስ ጥርስ ይላል። ጥቅሙ ሰማያዊውን ክብና ኮከቡን አብሮ መሥራት መቻሉ ነው። ክቡ ግን ደረጃ ደረጃ ሆኖ ነው የሚወጣው። ከእጅ አይሻል ዶማ።

*ጋቢ ላይ ባለ ሦስት ቀለም ጠርዝ።* ይህ ብርድ ልብስ መሥራት አይደለም፤ ያለውን ማስጌጥ ነው። አዲስ ወይም ያልሳሳ ጋቢ ዙሪያውን በቀጭን ኪሮሽ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ረድፍ ታዞሩለታላችሁ። በዓሉ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ለሚደናበር ሰው የሚያዋጣው ይህ ብቻ ነው። ጋቢው አስቀድሞ ይታጠብ፤ ካልሆነ በኋላ ሲሰበሰብ ጠርዙ ይሞገጋል።

| አሠራር | ለጀማሪ | የቀለም መስመር | የሚሸሸግ ክር | ይዞ መንቀሳቀስ | ሙቀት | አርማ ለመስፋት | ክር |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| በረጅሙ ረድፍ | መካከለኛ | በጣም ቀጥ ያለ | ጥቂት | መጨረሻው ላይ ይከብዳል | ጥሩ | በጣም ይመቻል | መካከለኛ |
| ሦስት ቁራጭ | ቀላል | ቀጥ ያለ፣ ስፌት የሚታይበት | ጥቂት | በጣም ይመቻል | ጥሩ | ይመቻል | መካከለኛ |
| ካሬ በካሬ | በጣም ቀላል | ጥሩ | እጅግ ብዙ | እስኪጋጠም ይመቻል | አነስተኛ | አይመችም | አነስተኛ፣ ትርፍራፊ ይጨርሳል |
| ከጥግ ወደ ጥግ | ከባድ | ጥርስ ያለው | ብዙ | አይመችም | መካከለኛ | አብሮ ይሠራል | መካከለኛ |
| የጋቢ ጠርዝ | ቀላል | ጠርዝ ብቻ | ጥቂት | ይመቻል | የጋቢው | አይመለከተውም | በጣም ጥቂት |

አንድ ነገር ልጨምር። አጭሩ ዓይን ጥብቅና ከባድ ነው፣ ክር ይበላል፤ ለሚሰቀል ይሁን። ክር አንዴ ጠምጥመው የሚሠሩት ረጅሙ ዓይን ፈጠን ይላል፣ ይታጠፋል፣ ክርም ይቆጥባል፤ ለሚለበስ ይሁን።

አርማው

ለየብቻ ሠርቶ መስፋት ነው የምመክረው። ክቡ ከቢጫው መስመር ወጣ ብሎ አረንጓዴውንና ቀዩን ስለሚነካ፣ ለ30 ሳንቲ ሜትር ቢጫ ከ30 የሚበልጥ ክብ ያስፈልጋል።

በ6 አጭር ዓይን ጀምሩ። በየዙሩ 6 ጨምሩ። ሁለተኛው ዙር 12፣ ሦስተኛው 18 እያለ ይሄዳል። ከዚህ ካነሰ እንደ ቆብ ይጎብጣል፤ ከበዛ ጠርዙ ይሞገጋል። ጭማሪው ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ካረፈ ደግሞ ክቡ ባለ ስድስት ጎን ይሆናል፤ በየዙሩ ቦታውን ትንሽ ፈቀቅ አድርጉት።

አሁን ኮከቡ። አምስት ጫፍ ስላለው ክቡ ለአምስት እኩል መከፈል አለበት። ስለዚህ በ5 የሚካፈል ዙር ላይ አቁሙ። 25ኛው ዙር ላይ 150 ዓይን አለ፤ በየ30ው ምልክት አድርጉ። አምስት ነጥብ ታገኛላችሁ። አንዱን ነጥብ እየዘለላችሁ በቢጫ ክር በሰንሰለት ጥልፍ አገናኙ፤ ኮከቡ ይወጣል። ነጥቦቹን ከጠርዙ ትንሽ ወደ ውስጥ አስገቧቸው፤ ኮከቡ ጠርዙን ሲነካ የታነቀ ይመስላል። ከዚያ በኮከቡ ክንዶች መሐል አምስቱን ጨረሮች በቀጥታ መስመር ጥለፉ። ጨረር የሌለበት ኮከብ አርማውን አይሆንም።

ክቡን ከመስፋታችሁ በፊት ብርድ ልብሱን መሬት ላይ ዘርግታችሁ ከአራቱም ጎን በሜትር ለኩ። በዓይን ግምት መሐል የተባለ ነገር ሲሰቀል ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ስፌቱ በራሱ በሰማያዊ ክር፣ ከጠርዙ ብቻ ሳይሆን መሐሉም ላይ ጥቂት ቦታ ይያዝ፤ ካልሆነ ሆዱ ይነፋል።

ታዲያ የቱን?

ኪሮሽ ገና ለያዘች፣ ጊዜ ላላት፦ አክሪሊክ፣ ሦስት ቁራጭ፣ ረጅሙ ዓይን፣ ያለ አርማ። ብትሳሳት አንዱን ቁራጭ ብቻ ነው የምትፈታው።

ዳንቴል ሠርታ ለምታውቅና ግድግዳ ላይ ለምትሰቅል፦ በረጅሙ ረድፍ፣ በአጭሩ ዓይን፣ ከነአርማው። ጥጥም አክሪሊክም ይሆናል። ሲሰቀል በሁለት ሚስማር ጫፍና ጫፉን አትወጥሩት፤ ከአረንጓዴው ጀርባ የጨርቅ መሿለኪያ ሰፍታችሁ በሙሉ ርዝመቱ ቀጭን ዘንግ አስገቡበት። ያኔ መሐሉ አይረግብም።

ሌሊት ለሚለበስ፦ አክሪሊክ፣ ረጅሙ ዓይን፣ 120 በ240። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የጅማ ብርድ ብቻውን አይበቃም፤ ከጋቢ ጋር ይደረብ። ክሩ ከላይ ከተሰላው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል፤ አስቡበት።

በጀት ለጠበበባት፦ ክሩ ላይ ከመቆጠብ ልኩ ላይ መቆጠብ ይሻላል። 60 በ120 ካደረጋችሁት ክሩ ከግማሽም ያንሳል፤ ግድግዳ ላይ ደግሞ ያው ሰንደቅ ዓላማ ነው። ርካሽ ቀይ ገዝቶ ቢጫውን ማበላሸት ግን ልፋትን መና ማስቀረት ነው። ትርፍራፊ ክር ካለ፣ ካሬ በካሬ።

በዓሉ ለደረሰባት፦ የጋቢ ጠርዝ። የዓድዋ ቀን የካቲት 23 ነው፤ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ደግሞ በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ። ለጥቅምቱ የምትሠሩ ክሩን ክረምት ሳይገባ ግዙ፤ ሐሙስ ገበያ በጭቃ ውስጥ ሦስት ቀለም ሎት ማመሳከር አይመከርም።

ውጭ አገር ለሚላክ፦ አክሪሊክ ብቻ። 90 በ180ው ከነአርማው ከአንድ ኪሎ ብዙም አያልፍም፤ ጥጡ ግን ከዚያ ይከብዳል፣ ሻንጣ የሚይዘው ዘመድ ደግሞ በርበሬና ቡናም አለበት። ስትጠቀልሉት አርማው ወደ ውስጥ እንዳይሰበር በርዝመቱ ለሦስት እኩል እጠፉት፣ ከጎኑም የአጣጠብ ማስታወሻ ጽፋችሁ ክተቱ፦ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለብቻ፣ ካውያ የለም።